ሃምሳ ሎሚ በልብስ ማጠቢያው ቤት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የስፌት መኪናውን ስትረግጪ አሁንም ይጠዘጥዝሻል ወይስ የላክሁልሽ ቅባት ረዳሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ከታከመች ወዲህ መርፌ ላይ ክር ራሷ እያስገባች ጎረቤቱን ስታስደንቅ ከረመች አሉኝ፤ እውነት ከሆነ በእኔ ስም አንዴ ዕልል በይላት። ጋሼስ ሳሉ ለቀቀው? ካንቺ ጋር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው በሳል ይሸነፋል ብዬ አላምንም። ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰላም» ማለት አቅቷት «ተላም» ትላለች ያልሽኝን ለሥራ ጓደኞቼ ነግሬያቸው፣ ይኸው አሁን እዚህ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት «ተላም» ይለኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል እንደ ደብዳቤ ወግ ቆጥረሽ እንዳታልፊው፤ የምሬን ነው፣ ደህና ነኝ።

አምና አንድ ቀን ደውለሽልኝ «ድምፅሽ ታፍኗል፣ ምን ሆነሻል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ጉንፋን ነው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ጉንፋን አልነበረም፤ ሳለቅስ ውዬ ነው። ያን ጊዜ ብነግርሽ አንቺም እዚያ ሆነሽ ከማልቀስ በቀር የምታደርጊልኝ ስለሌለ ዋጥ አድርጌው ዝም አልኩ። አሁን ግን ነገሩ በደህና ስላለቀ፣ እንዲያውም ከደህናም በላይ ስላለቀ፣ ከሥሩ ልንገርሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ «እሺ፣ ከዚያስ? ከዚያስ?» እያልሽ ታጣድፊኛለሽ፤ እማዬ ደግሞ ከጎንሽ ሆና «በልታለች ወይ? ጠይቂያት» ትላለች። ስለዚህ የያዝሽውን ቀሚስ አስቀምጪ፣ መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ በይ።

የምሠራበትን ቦታ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ብዬ ስላለፍኩት እማዬ ለመንደሩ ሁሉ ነርስ ናት ብላ እንዳወራች ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም አላረምኳትም፣ ይቅር በሉኝ። የምሠራው ከሆስፒታሉ ሥር፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ሕንፃው ተዳፋት ላይ ስለተሠራ የማጠቢያው ግማሽ ከመሬት በታች ነው፤ ግማሹ ደግሞ ወደ አትክልቱ ቦታ ወጣ ብሎ ፀሐይ ያገኛል። መካከሉን ግድግዳ ይከፍለዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ጓዳ የሚያህሉት የማጠቢያ ማሽኖች ግድግዳው ውስጥ ተቀብረዋል፤ በዚህ ወገን የቆሸሸው ይገባል፣ በዚያ ወገን የጸዳው ይወጣል። በቆሻሻው በኩል መስኮት የለም። ከየመኝታ ክፍሉ በከረጢት የሚመጣውን አንሶላ፣ ፎጣና የሕሙማን ልብስ እየፈታን እንለያለን። ውስጡ ደም አለ፣ ሌላም ሌላም አለ፣ ምሳ በልተሽ እንደሆነ ብዬ ነው የማልዘረዝረው። ተረስቶ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ጉድ ነው፤ መነጽር፣ ቀለበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ! በንጹሑ በኩል ግን ሰፋፊ መስኮቶች አሉ፤ ሰው እየተኮሰና እያጠፈ አትክልቱን ያያል፣ ሲደክመው የሚቀመጥበት ወንበር አለው፣ ቤቱ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው የሚሸተው።

በቆሻሻው በኩል አሥራ አንድ ነን፤ አሥራ አንዳችንም ጥቁሮች። በንጹሑ በኩል አሥራ አራት ናቸው፤ አሥራ አራቱም ነጮች። ይህን የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም። መጀመሪያ እንደገባሁ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር መስሎኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም እታለም፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ታዲያ የዛሬ ዓመት ገደማ ከንጹሑ ወገን አንዲት ሴት ጡረታ ወጣችና ቦታዋ ክፍት ሆነ። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ መተኮስ ደግሞ ካንቺ ዘንድ በከሰል ካውያ ነው የተማርኩት፤ የሙሽራ ቀሚስ ሳላቃጥል የተኮስኩ ሰው የሆስፒታል አንሶላ ያቅተኛል? ተቆጣጣሪያችን ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁት። «ይታሰብበታል» አለኝ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቦታውን ከተቀጠረች ገና አሥር ቀን ለሆናት ነጭ ልጅ ሰጣት። ለምን ብዬ ስጠይቀው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ የሚያሞግሰኝ መስሎት፣ «እናንተ እኮ ጠንካሮች ናችሁ። ሽታውም ሙቀቱም አይከብዳችሁም። እነዚያ አይችሉትም» አለኝ። ያን ቀን ነው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ ድምፄ እስኪታፈን ያለቀስኩት፤ ያን ቀን ነው አንቺም የደወልሽልኝ።

እዚያ ስነፋረቅ ያገኘችኝ ከቆሻሻው ወገን የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ከሌላ አገር የመጣች፣ ቁመቷ በር የማይበቃው፣ ስትስቅ ማሽኑ ጮኸ ወይስ ሰው ሳቀ የምታሰኝ ሴት ናት፤ ሳቂታዋ ነው የምንላት። የሆነውን ስነግራት «ሽታ አይከብዳችሁም አለ? አፍንጫዬን መቼ ጠየቀው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «እኔም ከአራት ዓመት በፊት ጠይቄው ነበር። ይታሰብበታል አለኝ» አለችኝ። ለማንም ነግራ አታውቅም።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። ከአሥራ አንዳችን ዘጠኛችን ጠይቀናል! ዘጠኝ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆ፣ ዘጠኝ ጊዜ «ይታሰብበታል» ተብሎ፣ ዘጠኙም ጥፋቱ የራሱ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አንዷ የዚህን አገር ቋንቋ ስለማላጣራ ነው ብላለች። አንዱ ዕድሜዬ ስለገፋ ነው ብሏል። እኔ አጭር ስለሆንኩ የመተኮሻው ማሽን ላይ አልደርስም ብሎ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሳቂታዋ ደግሞ ረጅም ስለሆንኩ ነው ብላ ነበር! ይህን ስንሰማ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እታለም፣ ያን ቀን ትከሻዬ ላይ የነበረ አንድ ነገር ወረደ። የማፍርበት ነገር የኔ አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ተቆጣጣሪውንም ከዚያ ወዲህ «አቶ ይታሰብበታል» ብለን አወጣንለት።

የሳሙናውን ካርቶን ቀደድንና ማን መቼ እንደጠየቀ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን እንደተባለ ጻፍኩበት። የእጅ ጽሕፈቴን አንቺ በቁንጥጫ ስላስተካከልሽው ሥራው የኔ ሆነ። ዘጠኛችንም አብረን ሄደን ልናነብለት ተስማማን። ቀኑ ደረሰ። በሩ ላይ ስንቆጠር ሦስት ነን! አንዱን ሆዱን ቆርጦታል፣ አንዷ ልጇ ታሞባታል፣ ሌላዋ ሽንት ቤት ገብታ አልወጣች አለች። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ልመለስ ቃጥቶኝ ነበር። አቶ ይታሰብበታል ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ማነው የሚያነሳሳችሁ?» አለ። በሳምንቱ ሳቂታዋን ከኛ ለይቶ ብቻዋን የምትሠራበት ፈረቃ ላይ መደባት። ለኔ ደግሞ ፈቃድሽ የሚታደሰው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ በየዓመቱ ሲታደስ ከሥራ ቦታ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ የሚፈርመው እሱ ነው። ሌላ ምንም አላለኝም፤ ማለትም አላስፈለገውም። ካርቶኑን አጣጥፌ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ያለው ሳጥኔ ሥር ከተትኩትና «በቃ፣ አርፌ እንጀራዬን ልብላ» አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ የለ፣ ተውኩት።

ከዚያ ሳቂታዋን መርፌ ወጋት።

ከመኝታ ክፍል የመጣ አንሶላ ውስጥ ያገለገለ መርፌ ተጠቅልሎ ኖሯል። ሁለት ሰው ሆኖ የሚፈታውን ከረጢት ብቻዋን ስትፈታ መዳፏ ላይ ተሰካ። ጩኸቷ በግድግዳው ማዶ ተሰማ። እኔ ፈረቃዬን ልጀምር ገና ልብስ እየቀየርኩ ነበር፤ ሮጬ ስደርስ ግን አንዲት ሴት ቀድማኝ ሳቂታዋ አጠገብ ተንበርክካ እጇን በውኃ ታጥብላታለች። ነጭ ሽርጥ የለበሰች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ከንጹሑ ወገን ሃያ ሁለት ዓመት ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት፤ ባለካውያዋ እንላታለን። ከዚያ ወገን ያንን በር አልፎ ወደኛ የመጣ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። ሳቂታዋን ወደ ሐኪም ወስደናት ስንመለስ ባለካውያዋ ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ ዙሪያዋን አየች። ሽታው፣ ሙቀቱ፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ። «ሃያ ሁለት ዓመት ያጠፍኩት አንሶላ ከዚህ ነው የሚመጣልኝ?» አለች። ደግሞ «አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር፤ ማየት ነው ያልፈለግሁት» አለች። ከሳጥኔ ሥር ያንን ካርቶን አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

እንግዲህ ነገሩ መልኩን የቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። ባለካውያዋ ካርቶኑን ይዛ ወደ ወገኖቿ ሄደች። የሰሙትም አሉ፣ ፊታቸውን ያዞሩም አሉ። አንዷ «ታዲያ ቦታችሁን ልቀቁላቸው ነው የምትይን?» ብላ ተቆጣቻት። እሷም «ቦታ ልቀቁ ማን አላችሁ? ተራ ይሁን ነው ያልኩት» አለቻት። ተራ! እኛ ስንት ወር ሙሉ ስንጨነቅ ያላገኘነውን ቃል እሷ በአንድ አፍታ አገኘችው። እኛ ስናስብ የነበረው እኔ እንዴት ወደ መስኮቱ ልሻገር ነው፤ እሷ ግን ማንም ሰው ዕድሜውን እዚያ ጨለማ ውስጥ አይፍጅ፣ ማንም ደግሞ ሽታው ሳይነካው አይኑር፣ ሁሉም ሳምንት በሳምንት ይቀያየር አለች። ያቺ የኔን ቦታ ያገኘችው ልጅ ደግሞ፣ ስሰድባት የከረምኩት፣ መጥታ «የሰው ቦታ መሆኑን የነገረኝ የለም» ብላ አለቀሰች። ምን ታድርግ፣ ገና ሃያ ዓመቷ ነው። አቅፌ አባበልኳት፤ ስንት ወር ሙሉ የቋጠርኩት ቂም በአንድ መሐረብ ተጠረገ።

ምሳ ቤቱ ጥግ ላይ በየቀኑ መሰብሰብ ጀመርን። መጀመሪያ ስድስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ወንበር ጠፋ። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቀሩት ባልደረቦቼም አንድ በአንድ መጡ፤ ሽንት ቤት የገባችውም ወጣች! አንድ ቀን እንድናገር ገፉኝና የምለው ቢጠፋኝ የኛን ተረት በነሱ ቋንቋ ገልብጬ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» አልኳቸው። «ሎሚ?» አለ አንዱ። በምልክት ጭምር ሳስረዳቸው ወደዱት። በማግሥቱ ባለካውያዋ አንድ ዘንቢል ሎሚ ተሸክማ መጣች። ሳቂታዋ ቆጠረችንና «ሃምሳ አንሞላም፤ በሉ ሁለት ሁለት እንያዝ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁላችንም ሽርጣችን ኪስ ውስጥ ሁለት ሁለት ሎሚ ይዘን መዋል ሆነ። ሽታ ሲበዛብን እናሸተዋለን፤ ወሬ ሳያስፈልገን ማን ከኛ ጋር እንደሆነ በኪሱ ማበጥ እናውቃለን። አቶ ይታሰብበታል ሆስፒታሉ ውስጥ ጉንፋን ገብቷል መሰል ብሎ ለራሱም መግዛት ጀመረ አሉ።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልንገርሽ፤ ይህን ካልነገርኩሽ ደብዳቤው ሙሉ አይሆንም። ምሳ ቤቱ ጥግ ላይ «ሁሉም ሰው እኩል ነው» እያልን ስንከራከር፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሁልጊዜ በመካከላችን ወለሉን ትወለውላለች። እኛም እግራችንን አንሳት እያደረግን እናሳልፋታለን፤ ንግግራችንን እንኳ አናቋርጥም። አንድ ቀን መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ «እኔስ?» አለች። ሁላችንም ዞርን። «እኔ ምሳዬን የምበላው መጥረጊያው የሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነው። ስድስት ዓመት ሆነኝ። እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ስለ እኩልነት ስትናገሩ በየቀኑ እሰማለሁ። አንድ ቀን ተቀመጪ ያለኝ ሰው የለም» አለች።

ሴትየዋ የሳቂታዋ አገር ሰው ናት እታለም። በቆዳም፣ በቋንቋም አንድ ናቸው። ግን እዚያ አገራቸው የሷ ዘር የተናቀ ነው፤ አብሯቸው ሰው አይበላም፣ ልጁንም አይድርም። ሳቂታዋ ስድስት ዓመት ሙሉ አይታት አንድ ቀን እንኳ በቋንቋቸው ሰላም ብላት አታውቅም። ያቺ በሁሉም ነገር የምትስቅ ሴት ያን ቀን አልሳቀችም። ተነሥታ የራሷን ወንበር ስባ አቀረበችላት፤ ራሷ ቆመች። በቋንቋቸው አንድ ነገር አለቻት፣ ምን እንዳለቻት አልጠየቅኳትም። ጽዳት ሠራተኛዋ ለረጅም ጊዜ ወንበሩን አየችው። ከዚያ ተቀመጠች። ባለካውያዋም ከዘንቢሏ ሁለት ሎሚ አውጥታ ሰጠቻት።

ሥራ እንዳናቆም ተስማምተን ነበር፤ የታመመ ሰው አንሶላ አጥቶ እንዲያድር አንፈልግም። ስለዚህ እየሠራን ነው ያደረግነው። ሰኞ ጠዋት ከአቶ ይታሰብበታል ቀድመን ገባንና በትልቅ ወረቀት የጻፍኩትን የተራ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ባለካውያዋ ጓንት አጥልቃ ቆሻሻው ክፍል ገባች። እኔ ያንን በር አልፌ ወደ መስኮቱ ወጣሁ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ካውያው ላይ እኔን፣ ከረጢቱ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተኮሰችውን ሴት አገኘ። ወደ ውጭ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ አሁንም እኛው ነን! ስልክ አንሥቶ ሥራ አስኪያጇን ጠራ።

ሥራ አስኪያጇ ከላይኛው ፎቅ ወርዳ እኛ ዘንድ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። በንጹሑ በኩል አለፈች፣ በቆሻሻውም በኩል አለፈች፤ እዚያ ስትገባ አፍንጫዋን ልትይዝ እጇን አንሥታ፣ ዓይናችንን ስታይ መልሳ አወረደችው። «ይህን ማን ፈቀደ?» አለች። ፈቃዴ በሁለት ወር ውስጥ ይታደሳል። አፌን ከፍቼ መልስ ስፈልግ ከበሩ በኩል ያቺ ጽዳት ሠራተኛ «እመቤቴ፣ ዛሬ ከላይ አንሶላ ጎደለ ያለ ሰው አለ?» አለቻት። ሥራ አስኪያጇ ስልክ ደውላ ጠየቀች። አልጎደለም። ካርቶኑን ሰጠኋት፤ ቆማ አነበበችው፤ ዘጠኙን «ይታሰብበታል» አንድ በአንድ በጣቷ ነካችው። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞር ብላ «ታስቦበት ምን ተወሰነ?» አለችው። «አንድ ወር ይሞከር» አለችን፤ «እርስዎም ተራው ውስጥ ይግቡ» አለችው።

የሱ ተራ የደረሰ ቀን ግን እታለም አንቺ አልነበርሽም! ጓንቱን አጥልቆ፣ አፉን ሸፍኖ፣ የመጀመሪያውን ከረጢት ሲፈታ ሙሉ የላይና የታች ሰው ሠራሽ ጥርስ እጁ ላይ ወደቀለት። የጮኸው ጩኸት! ከንጹሑ ወገን ሰዎች እሳት ተነሣ ብለው መጡ። እኛ ወለል ላይ ተቀምጠን ሳቅን፤ እሱም መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ጥርሱን አየው፣ ቀጥሎ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ላቡ በጀርባው እየወረደ እኔ ዘንድ መጣና «ይታሰብበታል ስልሽ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩበትም ነበር» አለኝ። ይቅርታ እንደሆነ አላውቅም፤ ለሱ ግን ብዙ ነው። የፈቃዴን ደብዳቤ በማግሥቱ ራሱ ይዞልኝ መጣ።

ወሩ አለቀ፣ ሌላ ወር ተጨመረ፣ አሁን የቤቱ ደንብ ሆኗል። ለየመኝታ ክፍሉም ስለ መርፌ ማስጠንቀቂያ ተላከ፤ የጻፈችው ባለካውያዋ ናት፣ ነርሶቹ እስከ ዛሬ ያንን ወረቀት ሲያዩ ቀጥ ብለው ይቆማሉ አሉ። የሳቂታዋ የደም ምርመራ ደግሞ የመጨረሻው ውጤት መጣ፤ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለባትም! ወረቀቱን ይዛ በኮሪደሩ ስትጨፍር እኔን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አወጣችኝ፤ ጣሪያውን በእጄ ነካሁ።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ከንጹሑ ወገን አንዷ ከረጢት ከምፈታ ብላ ሥራውን ለቀቀች፤ ሌላዋ እስከ ዛሬ አታናግረንም። እኛም ውስጥ ቢሆን በተራ ጉዳይ የማንጣላበት ሳምንት የለም። ቢሆንም ባለፈው ሰኞ ከወጥ ቤቱ ሁለት ሰዎች መጡና «ያንን የተራ ዝርዝር እንዴት ነው የጻፋችሁት? እኛም ዘንድ ዕቃ የሚያጥቡት እነማን እንደሆኑ ታውቁ የለ» አሉን። ኪሳቸው አብጦ ነበር። ሳቂታዋ በክርኗ ጎሸመችኝ።

እታለም፣ የመጨረሻው ነገር ይህ ነው፤ እሱን ልጽፍልሽ ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት ብልሽ ይሻላል። ያቺ ጽዳት ሠራተኛ «እኔስ?» ያለች ዕለት ትዝ ያለችኝ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት። ታስታውሻታለሽ? ትምህርት ቤት ብቻዋን አግዳሚው ጫፍ ላይ የምትቀመጠው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘን። ደጃቸው ላይ ቆማ «ግቡ፣ ግቡ፣ ትታመማላችሁ» ብላ ጠራችን። አንቺ እጄን ያዝሽኝ፣ እኔም አንቺን አየሁሽ፤ እነሱ ቤት ገብተው ተቀመጡ እንዳንባል ብለን ዝናቡን መረጥን። ከዛፉ ሥር ቆመን በረዶው አናታችንን ሲቀጠቅጠን እሷ እስከ መጨረሻው ከደጃፉ አልገባችም፤ እያየችን ቆመች። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ ሁለት። የነገረን ሰው አልነበረም፤ እንዲሁ እናውቅ ነበር። አቶ ይታሰብበታልም እንዲሁ ነው ያወቀው።

አሁን እሷም እናቷን ተክታ ሸክላ እንደምትሠራ፣ ሰውም እስከ ዛሬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ገዝቶ እንደሚሄድ እማዬ ነግራኛለች። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ መንደሩ ይሰማሻል፤ የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው የሚያደርገውን ሴቱ ሁሉ ያያል። ቤቷ ሂጂልኝ። ምንም አትግዢ። እማዬ ትቆጣ ይሆናል፤ የኔ ጥፋት ነው በያት፣ ነርሷ ናት ያዘዘችኝ በያት።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ፤ በልቻለሁ፣ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ለጋሼ፣ ሳሉ ካልለቀቀው ሎሚ ከማር ጋር ይሞክር፤ እኔ ስለ ሎሚ አዋቂ ሆኛለሁ። ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ እንደ በረታ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ የእጅ ጽሕፈቱን ግን ተቆጣጠሪው፣ አንድ ቀን ይጠቅመዋል። መካከለኛዋን ስለ ሥዕሉ አመሰግናታለሁ፤ ልብስ መቀየሪያው ሳጥኔ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ለትንሿ «ተላም» በያት፤ ጥርሷ እስኪበቅል ድረስ እዚህ ሃያ አምስት ሰው ይመልስላታል። ልብስ ሰፊ ረዳትሽን፣ ጎረቤታችንንና ደብዳቤዬን ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ሆነው የሚሰሙትን የእማዬን ጓደኛ ሰላም በይልኝ።

ለሸክላ ሠሪዋም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከአጥሩ ማዶ ሆነሽ ሳይሆን፣ ገብተሽ፣ ቁጭ ብለሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ፣
ሦስተኛ ፎቅ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን።